«ከፍ አድርጊው» ከማለታችን በፊት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በንባብ የቀረበ ንግግር)



በየወሩ ከአባላት መካከል ጥቂቶች በአንድ ጉዳይ ላይ እንዲናገሩ ልማድ አድርገናል። ባለፈው ወር ስለ ስኳር በሽታ ሰምተናል፤ ከዚያ በፊት ስለ ውክልና አሰጣጥ። የዛሬው ተራ የእኛ፣ የሒሳብ ክፍሉ የሦስታችን ነው። አጀንዳው ላይ «ስለ አንዲት ዘፋኝ» የሚል ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ እንደሳቃችሁ ሰምተናል። የሒሳብ ሰዎች ስለ ዘፈን ምን ያውቃሉ ብላችሁ ከሆነ እውነታችሁን ነው። ይሁንና ትንሽ ታገሡን። ከዘፈኑ በኋላ መዝገብ እንከፍታለን፤ ከመዝገቡም በኋላ የምናቀርበው ሐሳብ አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን በቦሌ ሚካኤል አንድ ፎቅ ላይ ያለ ካፌ አለ። በወር አንድ ምሽት ወጣቶች የራሳቸውን ግጥምና ዜማ ይዘው እየመጡ ይዘፍኑበታል። ባንድ የለም፣ ዳንስ የለም፤ አንድ ሰው ከአንድ ጊታር ጋር፣ አንዳንዴም ከአንድ ክራር ጋር ይቀመጣል። ከሦስታችን ታናሿ «አንድ ቀን እንሂድ» ስትለን ቆይታ ነበር። የዓመቱን ሒሳብ ዘግተን በጨረስንበት ቅዳሜ ሄድን። መግቢያው ከነማኪያቶው ስለሆነ አልከበደንም።

ሦስተኛ ሆና የወጣችው ልጅ ዕድሜዋ ሃያዎቹ መካከል ይሆናል። ስሟን አንጠራም፤ ሥራዋን ገና አላሳተመችም፣ እሷም እንዲጠራ የምትፈልግ አልመሰለንም። ረጅም ሹራብ ለብሳለች፤ እጅጌው ጣቶቿን ሊሸፍን ምንም አልቀረውም። ስትቀመጥ ወንበሯን ወደ እኛ ሳይሆን ወደ መስኮቱ አዘመም አደረገችው። «እንደምን አመሻችሁ» ያለች ይመስለናል፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይተናል እንጂ አልሰማናትም። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ደፍታ ጀመረች።

ከሦስታችን ታላቋ ጠጋ ብላ «ምነው ይቺ ልጅ፣ አሟታል እንዴ?» አለች። ቤቱ እንደምታውቁት ነው፤ ቡና መፍጫው ይጮኻል፣ ወንበር ይጎተታል፣ ከኋላ ጨዋታ ይዘዋል። ልጅቷ የምትዘፍነው ደግሞ ሰው ለብቻው ሆኖ እንደሚያንጎራጉረው ነው። አንድ ወጣት ከኋላ በክፋት ሳይሆን በማበረታታት «እህቴ፣ ከፍ አድርጊው!» አለ። ሁለት ሦስት ሰዎችም «አዎ፣ ከፍ!» አሉ።

ልጅቷ አቆመች። እኛም ተነስታ የምትሄድ መስሎን ደነገጥን። ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችንና፣ ማይኩን ሳትጠጋ «አቅሜ ይሄው ነው፤ ቀረብ በሉ» አለች።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው ዛሬ እዚህ ያቆመን። መጀመሪያ መፍጫው ዘንድ ያለችው አስተናጋጅ ማሽኑን አጠፋችው፤ ማንም ያዘዛት የለም። ከዚያ የፊተኞቹ ወንበራቸውን ብድግ አድርገው፣ ሳይጎትቱ፣ ጠጋ አሉ። የኋለኞቹ ተነስተው መጥተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «ከፍ አድርጊው» ያለው ወጣትም እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ልጅቷ ድምፅዋን አንዲት መስመር እንኳ ከፍ አላደረገችም። ቤቱ ነው ዝቅ ያለው። ያን ጊዜ ሁሉም ቃል ተሰማ።

የዘፈነችው አምስት ዘፈን ነው። አንዱ እንጀራ እየሸጠች ልጆች ስላሳደገች እናት ነው፤ ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን ሳንቲም ስለምትቆጥር፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋባትም ልጆቿን «ዝም በሉ» ስለምትል እናት። ዘፈኑ እናትየዋን አያወድስም፣ «ጀግና» አይላትም። ስትቆጥር ብቻ ያሳየናል። ሥራችን ቁጥር ነውና ከሦስታችን ዓይኗን ያልጠረገች አልነበረችም። ሌላው ዘፈን ስለ አውሮፕላን ማረፊያችን ነው። ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ፓስፖርታቸውን በላስቲክ ይዘው ሲሰለፉ፣ አንዷ ልጅ የእናቷን ስልክ ቁጥር ክንዷ ላይ በእስክሪብቶ ስለመጻፏ ነው። ያን ስትዘፍን እውነተኛ አውሮፕላን ከጣሪያው በላይ መጣ። እኛ ቦሌ ሚካኤሎች አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬያችንን አቋርጠን መጠበቅ ለምደናል። ልጅቷም የሰፈራችን ሰው ናትና እጇን ክሮቹ ላይ ጋደም አድርጋ ጠበቀች። አውሮፕላኑ አለፈ፣ ፈገግ አለች፣ ካቆመችበት ቃል ቀጠለች። ቤቱም ሳቀ፤ እየሳቀም የሚያለቅስ ነበር።

ሲያልቅ ጭብጨባውን አልጠበቀችም፤ ጊታሯን እያስገባች ነበር። ደረጃው ላይ አግኝተናት አመሰገንናት። መሬት መሬት እያየች «እኔ አመሰግናለሁ» አለች። ከመቼ ጀምሮ እንደምትዘፍን ጠየቅናት። ለስድስት ዓመት ስትጽፍ ኖራለች፤ ሰው ፊት የወጣችው ግን ዓመት ቢሆናት ነው። መጀመሪያ ለአንዲት ጓደኛዋ ብቻ፣ ቀጥሎ አምስት ሆነው በተቀመጡበት፣ ከዚያ አሥር ሰው ፊት። «አሁንም ሆዴን ያመኛል» አለችና ሄደች።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ የእኛ ዘፈን እልልታና ጭብጨባ ያለበት ነው» ትሉ ይሆናል። ግማሽ እውነት አለው። አዝማሪያችን ማሲንቆውን ይዞ ሰው መሀል ይገባል፣ ያወድሳል፣ ይነካካል፣ «ተቀበል» ሲባል ግጥም ይቀበላል፣ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። እንዲህ ያለው ጨዋታ ደፋር ይፈልጋል፤ ዓይን አፋር አዝማሪ ጦሙን ያድራል። ሠርጋችንም፣ ጥምቀታችንም ድምፅ ባለው ሰው የሚደምቅ ነው።

ነገር ግን ሌላም ቤት አለን። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር የሰማችሁ ታውቁታላችሁ፤ አሥሩ የበገና ክሮች ይዝማሉ፣ ደርዳሪው በዝቅተኛ ድምፅ ለራሱ እንደሚናገር ሰው ያዜማል፣ ሰሚው ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። በበገና ፊት «ከፍ አድርገው» የሚል ሰው የለም። ሰሚው ራሱን ዝቅ ማድረግ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የሴት አያቶቻችን እንጉርጉሮ አለ። ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው፣ እንዝርት እያሾሩ፣ ልጅ አዝለው ያንጎራጉሩ ነበር። ግጥሙ የራሳቸው ነው፣ ዜማውም የራሳቸው ነው። ባላቸው የበደላቸውን፣ የሞተባቸውን ልጅ፣ የራቃቸውን ወንድም ለድንጋዩ ይነግሩታል። ሰው ሲገባ ዝም ይላሉ። ዛሬ በጊታር የራሷን ግጥም የምትዘፍን ልጅ ስናይ አዲስ ነገር ይመስለናል፤ የሴት አያቶቿን ሥራ ነው የያዘችው። አዲስ የሆነው ሰው ሲገባ ዝም አለማለቷ ነው።

ከእኛው ሴቶች አንዷን እናንሳ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በፒያኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ጣሊያን አገር ተግዘዋል፣ በኋላም ወጣት ሳሉ ግሸን ማርያም ገብተው መንኩሰዋል። አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ከመድረክ ርቀው የኖሩ ናቸው። የመጀመሪያውን ሸክላቸውን ጀርመን አገር ሲያሳትሙም ገቢውን ያሰቡት ለችግረኛ ልጆች ነበር። ያልጠበቅነው ነገር ግን በኋላ መጣ። እማሆይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ካረፉ በኋላ፣ በ2024 የራሳቸውን የአማርኛ ግጥም በራሳቸው ድምፅ የዘፈኑበት አልበም ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ፣ በዚያ በከፋው ዘመን፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ሆነው በቴፕ የቀዱት ነው። ስለ አገር፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ መሰደድ ነው። ድምፃቸው ቀጭንና ለስለስ ያለ ነው፤ ከፒያኖው ጀርባ የተሸሸገ ይመስላል። አርባ ዓመት ያህል ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። እኛ ስናዳምጠው የተሰማን ደስታ ብቻ አልነበረም፤ «በጊዜው ማን ጠጋ ብሎ ሰማቸው?» የሚል ጥያቄም ነበር።

የእኛም ዕድሜ የራሱ ድምፆች ነበሩት። ተማሪ ሳለን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ዘሪቱ ከበደ በስሟ በተጠራው የመጀመሪያ አልበሟ ስትመጣ የራሷን ነገር በራሷ መንገድ የምትል ሴት ልጅ ሰማን። ከእሷ በፊትም ከቻግኒ የተነሳችው እጅጋየሁ ሽባባው ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አልበሟ በዓለም ታላላቅ የሚባሉ የጃዝ ሰዎች ያጀቧት ነው፤ እሷ ግን ዜማዋን ከአገሯ አልነቀለችውም። ዓድዋን የዘፈነችበትን ያዳመጠ ሰው፣ ጀግንነት ሳይጮህም እንደሚነገር ያውቃል።

ከውጭም አንድ ምሳሌ እንጨምር፤ ለማኅበር ሴቶች የሚሆን ታሪክ ስለሆነ ነው። ትሬሲ ቻፕማን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አለች። ክሊቭላንድ በምትባል ከተማ፣ በድህነት፣ ብቻዋን በምታሳድጋት እናት እጅ ነው ያደገችው። እናቷ ከጉሮሮዋ ቆጥባ ገና በሦስት ዓመቷ ትንሽ የጊታር ዓይነት ገዛችላት። ትሬሲ ዓይን አፋር ናት፤ ስለ ራሷ መናገር የማትወድ፣ መድረክ ላይም ከጊታሯ በቀር ምንም የማትይዝ።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 1988 በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም የኔልሰን ማንዴላ 70ኛ ዓመት ልደት በትልቅ ኮንሰርት ተከበረ። ማንዴላ ያን ጊዜ ገና እስር ቤት ናቸው። እዚሁ አዲስ አበባ ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1962 ነው፤ የታሰሩትም በዚያው ዓመት። ስታዲየሙ ውስጥ ከ70 ሺህ የማያንስ ሰው ነበር፤ በቴሌቪዥን የሚያየው በብዙ መቶ ሚሊዮን ይገመታል። ትሬሲ 24 ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ አልበሟ ከወጣ ሁለት ወር ቢሆነው ነው፣ ሕዝቡ አያውቃትም። ቀደም ብላ አጭር ጊዜ ተሰጥቷት ዘፍና ወርዳለች። ማታ ላይ ስቲቪ ዎንደር ሊወጣ ሲል ለመሣሪያው የሚያስፈልገው ዕቃ ጠፋና ሳይዘፍን ተመለሰ። መድረኩ ባዶ ሆነ። ባንድ የማትፈልግ፣ ሽቦ የማትፈልግ፣ ወዲያው ልትወጣ የምትችል ማን አለ ሲባል ትሬሲን መልሰው ጠሯት።

ብቻዋን ወጣች። ያን ሁሉ ሕዝብ አላስጨበጨበችም፣ አልዘለለችም፣ «እንዴት ናችሁ» ብላ አልጮኸችም። «ፋስት ካር» የሚለውን ዘፈኗን ዘፈነች። ዘፈኑ ስለ አንዲት ወጣት ሴት ነው። አባቷ ጠጪ ነው፣ እናቷ ጥላቸው ሄዳለች፣ ልጅቷ አባቷን ለማስታመም ትምህርቷን አቋርጣለች። ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ትንሽ ትንሽ ትቆጥባለች፣ ከአንድ ወጣት ጋርም ከዚያ ሕይወት ለመውጣት ታልማለች። በኋላ ግን ሰውየውም እንደ አባቷ ይሆናል፤ ቤቱን የምትይዘው እሷ ብቻ ትሆናለች። ይህን ታሪክ ከእኛ ውስጥ የማታውቀው ማን ናት? የስታዲየሙ ሁካታ ቀስ በቀስ በረደ። በዚያው ክረምት አልበሟ በእንግሊዝም በአሜሪካም በሽያጭ አንደኛ ወጣ፤ በተከታዩ ዓመት ሦስት የግራሚ ሽልማት ወሰደች።

ከዚያ በኋላም ትሬሲ ያው ትሬሲ ናት። ዝና ጯሂ አላደረጋትም። ለዓመታት ከመድረክ ጠፍታ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በግራሚ ሽልማት ምሽት ያንኑ ዘፈን፣ እንደገና ከዘፈነው ሉክ ኮምብስ ከሚባል ወጣት ጋር ስትዘፍን፣ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ተቀበላት። 36 ዓመት ሙሉ ድምፅዋን አልቀየረችም።

እህቶቻችን፣ ከዚህ ሁሉ የምናወጣው አንድ ነገር ነው። ዓይን አፋር ሰው የሚናገረው ነገር የሌለው ሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ ከሁላችን ይበልጥ ሲያይ፣ ሲያደምጥ፣ ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። የጎደለው ድምፅ አይደለም፤ የጎደለው መፍጫውን የሚያጠፋለት ሰው ነው።

አሁን መዝገባችንን እንክፈት።

ሒሳቡን ስንዘጋ የዓመቱን አሥራ ሁለት ቃለ ጉባኤዎች አገላብጠናል። «ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የማይል አንድም የለም። ይህን ስናይ ደስ ሊለን ይገባ ነበር፤ የምንስማማ ማኅበር ነን ማለት ነው። ነገር ግን ከላይ «ተናጋሪዎች» በሚለው ስር የሰፈሩትን ስሞች ብንዘረዝር በዓመቱ ውስጥ የተናገርነው ዘጠኝ ሴቶች ብቻ ነን። ሌሎቻችሁ ሠላሳ ሁለት ናችሁ። «ተቃውሞ ያላት አለች?» ይባላል፤ ጸጥ ይላል፤ «በሙሉ ድምፅ» ይጻፋል። በሒሳብ ቋንቋ ይህ ባዶ የሆነን ሣጥን ሙሉ ነው ብሎ መመዝገብ ነው።

ሁለተኛው መዝገብ የቅጣት መዝገብ ነው። በየወሩ በ30 ቁጠባና የብድር ተመላሽ ያላስገባች አባል 50 ብር ትቀጣለች። ይህን ደንብ ያወጣነው ሁላችንም ባለንበት ነው፣ በሙሉ ድምፅ። መዝገቡ ላይ የአንዲት አባላችን ስም ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ይታያል። ስድስቱንም ጊዜ ገንዘቡን ያስገባችው በማግሥቱ ወር በ5 ወይም በ6 ነው። አንድም ወር አልዘለለችም። በሰባተኛው ወር ከማኅበሩ ለቀቀች። ቤቷ ሄደን አነጋገርናት፤ ስሟን ሳንጠራ እንድናወራው ፈቅዳልናለች። የጽዳት ሠራተኛ ናት። ደሞዟን የምታገኘው ወር በገባ በ5 ነው። ነገሩ ይኸው ነው። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አልናት። «ሁሉም ከተስማማ በኋላ እኔ ለብቻዬ ምን ብዬ?» አለችን። ቡና አፍልታ አጠጣችን፤ የመጨረሻውን ቅጣት የከፈለችበትን ደረሰኝም አጣጥፋ አስቀምጣው ነበርና አሳየችን።

300 ብር ነው። ለማኅበራችን ካዝና ትንሽ ገንዘብ ናት። ለዚያች ቤት ግን የብዙ ቀን እንጀራ ነው። ከገንዘቡም በላይ፣ የብድር ተራዋ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ነው የወጣችው። በብድሩ የልብስ ስፌት ማሽን ልትገዛ አስባ ነበር።

አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ተረቱ ጥፋቱን ዝም ባለው ላይ ያደርጋል። እኛ ሴቶች ግን ገና ከልጅነታችን «ጨዋ ልጅ ዓይኗን ትሰብራለች፣ በትልቅ ፊት አትናገርም» እየተባልን ነው ያደግነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውንም ሰምተነዋል። ዝም በይ ብሎ አሳድጎ፣ ለምን ዝም አልሽ ብሎ መቅጣት ሚዛኑ የተዛባ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት አለብን። ዝምታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ጠባይ ነው። እንደዚያች ዘፋኝ ሰው ሲበዛ ሆዷን የሚያማት፣ በራሷ ጊዜ በራሷ ድምፅ የምትናገር አለች። ይህችን አናስቸግራት፤ «ተጫወቺ እንጂ» እያልን አናሳቅቃት። ሌላው ግን ፍርሃት ነው። ቤቷ ውስጥ የሚደበድባት፣ ደሞዟን የሚቀማት፣ ስልኳን የሚፈትሽባት ሰው ስላለ ዝም ያለች አለች። ይህንን «ጠባይዋ ነው» ብለን ካለፍነው ግፍ ይሆናል። ሁለቱን ከሩቅ ሆኖ መለየት አይቻልም። ጠጋ ብሎ፣ ለብቻ፣ ሳይቸኩሉ ማዳመጥን ይጠይቃል። ደፋር የሆንነውም ብንሆን ዝም የማለት ተራችንን እንወቅ። ከዘጠኙ ተናጋሪዎች ሦስቱ እኛ ነንና ይህን የምንለው ለራሳችንም ነው።

ስለዚህ አራት ሐሳቦች አሉን።

አንደኛ፣ ገንዘብ የሚነካ ማንኛውም ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት አምስት አምስት ሆነን ለሩብ ሰዓት እንቀመጥ። አምስት ሰው ፊት መናገር አርባ ሰው ፊት እንደመናገር አይደለም። የየቡድኑ ተወካይ «እንዲህ የሚል ሐሳብ አለ» ትላለች እንጂ «እገሊት እንዲህ አለች» አትልም።

ሁለተኛ፣ የመዋጮና የቅጣት ጉዳይ በምስጢር ድምፅ ይሁን። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶቻችን እንዳይቸገሩ ወረቀት አያስፈልግም። አንድ ማሰሮ ይቀመጥ፤ ለእያንዳንዳችን አንድ ሽምብራና አንድ ባቄላ ይታደለን። ሽምብራ «እስማማለሁ»፣ ባቄላ «አልስማማም»። በእጃችን ጨብጠን አንዱን እንከታለን። ቆጠራውን ለእኛ ተዉት፤ ሥራችን ነው።

ሦስተኛ፣ ቃለ ጉባኤያችን ላይ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ቃል ያለ ቆጠራ አይጻፍ። ስንት እንደደገፉ፣ ስንት እንደተቃወሙ፣ ስንት ድምፅ እንዳልሰጡ በቁጥር ይቀመጥ።

አራተኛ፣ የመክፈያ ቀን ሁለት ይሁን፤ አንዱ በ30፣ ሌላው በ7። አባል ስትመዘገብ ደሞዟ ወይም ገበያዋ የሚመቻትን ቀን ትምረጥ። በሒሳብ በኩል የሚያመጣውን ጫና አስልተነዋል፤ በወር የግማሽ ቀን ሥራ ነው የሚጨምርብን፣ እኛም ተስማምተናል። የለቀቀችው እህታችን ቅጣቷ ተመልሶላት፣ የብድር ተራዋ ሳይሰረዝ እንድትመለስ ጠቅላላ ጉባኤው እንዲወስን እንጠይቃለን። ብትመለስ ደስ እንደሚላት ነግራናለች። የምትመለሰው ግን «አልቅሳ ነው» እንዳይባልባት ትፈራለች፤ ስለዚህ ይህን የጠየቅነው እኛ መሆናችን በቃለ ጉባኤው ላይ ይመዝገብልን።

እነዚህን ሐሳቦች ዛሬ እንድታጸድቁ አንጠይቅም። ወደ ቤት ወስዳችሁ አስቡበት፤ ከባልም፣ ከልጅም፣ ከጎረቤትም ተመካከሩ። የማትስማሙበት ካለ በስልክም፣ በአካልም፣ በልጃችሁ በኩል ብጣሽ ወረቀት በመላክም ንገሩን። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ማሰሮውን፣ ሽምብራውንና ባቄላውን ይዘን እንመጣለን።

የዘፈኑ ምሽት በሚቀጥለው ወርም አለ። መሄድ የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ስጡን፤ አብረን እንሄዳለን። አሁን የቡና ተረኞች ጨርሰዋል መሰለን፣ ሽታው መጥቷል።